የእህቴ ሆድና የእኔ ሆድ

ይህን የምጽፈው ሆዷ እያበጠ ክንዷ ለሚቀጥን ሴት ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውም ደስ ይለኛል፤ ግን በልቤ ይዤ የጻፍኩት እሷን ነው። ምናልባት አሁን ሰዎች "እንኳን ደስ ያለሽ" እያሏት ይሆናል። እኔንም ብለውኛል።

አስካለ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ባለቤቴ ግርማ ባጃጅ ይጠግናል። ስንጋባ ቶሎ እንወልዳለን ብለን ነበር፤ ዓመታት አለፉ፣ አልሆነም። እሱ ነገሩን አያነሳብኝም፤ እኔም አላነሳበትም።

መጀመሪያ ቀሚሴ ወገቡ ላይ እምቢ አለኝ። የወፈርኩ መሰለኝ። ከዚያ ትንሽ ቀምሼ ጥግብ ማለት መጣ። ግማሽ እንጀራ ሳልጨርስ ሆዴ ውጥር ይላል፤ ከእምብርቴ በታች የሆነ ነገር ይጎትተኛል። የወር አበባዬም ተዛባ። ቆሜ መዋል ሲያቅተኝ ወንበር ስቤ ተቀምጬ መሥራት ጀመርኩ። ደንበኞቼ ይህን አይተው ተጠቃቀሱ።

"አስኩዬ፣ ምነው ደበቅሽን?" አለችኝ ከእነዋሪ ለጉዳይ ብቅ ባለች ቁጥር እኔ ጋ ፀጉሯን የምትሠራ አንዲት ሴት። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ!"

"ኧረ ጨጓራዬ ነው" አልኳት።

"እኔም የበኩር ልጄን ጨጓራ ነው ስል ነበር" አለች፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከመድኃኒት ቤት የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ። አንድ መስመር ብቻ አሳየኝ። ሌላ ቀን ደገምኩት፤ ያው ነው። ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ፊቴን አይቶ "ይሁን፣ ይሁን" ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

በዚያው ሰሞን ሙሉ ደወለችልኝ። ሙሉ ታናሽ እህቴ ናት። አንኮበር ነው ያገባችው፤ አባታችን ቄስ ሆኖ ከሚያገለግልበት ደብር ብዙም አትርቅም። ካገባች ዓመት አልሞላትም ነበር።

"እትዬ፣ ለማንም ሳልናገር ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው" አለች። ሳቋ ያመልጣታል። "አርግዣለሁ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም፤ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠችውን ደንበኛዬን ጭራሽ ረስቻት "ኧረ ተቃጠልኩ!" ብላ ስትጮህ ነው የነቃሁት።

ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ቀናሁ። ከታናሽነቷ ጀምሮ የእኔን ልብስ ስትለብስ፣ በእኔ ደብተር ስትማር የኖረች ልጅ ናት። አሁን ቀድማኝ ሄደች። የእኔ ሆድ በከንቱ እያደገ፣ የእሷ ገና ሳይታይ ልጅ መያዙ አንገበገበኝ።

ከዚያ በኋላ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር ሆነ። አንዱ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሌላው ጨጓራና አሜባ ነው ብሎ መድኃኒቱን በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። አንዱ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ክብደት ቀንሺ" አለኝ። ክንዴና ፊቴ እየመነመነ ሆዴ ብቻ እንደሚያድግ ልነግረው ስል ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ያን ጊዜ ተነሥቼ መውጣት አልነበረብኝም። አንቺ አትውጪ። ሆድሽን ገልጠሽ አሳዪ።

አንኮበር ለንግሥ ስንሄድ የአባቴ ቤት በእንግዳ ተሞልቷል። ሙሉ ሆዷ መውጣት ጀምሯል። እኔ ግን እሷን በእጥፍ እበልጣለሁ። አንዲት የጎረቤት ሴት አንድ እጇን በእኔ፣ አንድ እጇን በእሷ ሆድ ላይ አድርጋ "የቄሱ ልጆች! በአንድ ሰሞን!" ብላ እልል አለች። ሰው ሁሉ ተከተላት። የእኔ እርግዝና እንዳልሆነ ያንን ሁሉ ሰው በምን አፌ ልንገር? ሙሉን አልጋው ጫፍ ላይ ትራስ አስደግፈው አስቀመጧት። እኔ ትልቋ ስለሆንኩ እንግዳ አስተናገድኩ።

እናቴ እውነቱን ታውቅ ነበር፤ በስልክ ነግሬያታለሁ። እንግዳው ቀለል ሲል ወደ ጓዳ ጠራችኝና ከሣጥኗ ነጭ ጋቢ አወጣች። ያን ጋቢ አውቀዋለሁ። ባገባሁበት ዓመት ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ ለበኩር ልጄ መታቀፊያ ብላ ያሠራችው ነው።

"ለሙሉ ልስጣት ብዬ ነው" አለች እያየችኝ። "ያንቺ ሲመጣ ደግሞ ሌላ እፈትላለሁ። ቅር እንዳይልሽ አስካልዬ።"

"ምን ቅር ይለኛል" አልኩ።

ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። የበላሁት ቀርቶ የጠጣሁት ውኃ እንኳ አልቀረልኝም። ቀና ስል አባቴ አጠገቤ ቆሟል።

"አስካለ፣ ይህ እርግዝና ነው?"

"አይደለም አባዬ። ተመርምሬያለሁ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አላወቁትም።"

ክንዴን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ከበበው። ጣቶቹ ያለምንም ችግር ተገናኙ። "ነገ ጠበል ትጠመቂያለሽ" አለኝ። "ከዚያ በቀጥታ ትልቅ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ። አንዱን በአንዱ እንዳትተኪ። ሁለቱንም የሰጠን እሱ ነው።"

ጠበሉን ተጠምቄ ደብረ ብርሃን ስመለስ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ግራና ቀኜ እርጉዞች ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው "ስንት ወርሽ ነው?" አለችኝ። "ስድስት" አልኳት፤ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። "ሲያዩት ደስ ይላል፣ እጁን ሁሉ ያሳዩሻል" አለችኝ። ተራ በተራ እየገቡ ትንሿን ጥቁርና ነጭ ፎቶ እያዩ ይወጣሉ። ሁሉንም በዓይኔ ሸኘኋቸው፤ አንዷ እንኳ አላመለጠችኝም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ባለሙያው መሣሪያውን ሆዴ ላይ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተና ሌላ ሰው ጠራ። ሁለቱም አብረው አዩ። "ሆድሽ ውስጥ ውኃ አለ" አለኝ በመጨረሻ። "ብዙ ነው። እንቁልጢሽ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻሽ፣ አካባቢም የሚታይ ነገር አለ። ሆስፒታል መሄድ አለብሽ፤ አታዘግዪው።"

ሆስፒታል ውኃውን በመርፌ ቀዱልኝ። ቢጫ ነው። ሐኪሙ የሆድ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም አለ። ልወቅሰው አልችልም፤ በእኛ አገር እንዲህ ውኃ ቋጥሮ የሚመጣ ሆድ ብዙ ጊዜ ቲቢ እንደሆነ፣ ታክሞም እንደሚድን ነገረኝ። መድኃኒቱን ጀመርኩ። ሽንቴ ቀላ፣ አፌ መረረ፣ ውኃው ግን ተመልሶ ሞላ። ትውከቱ ባሰ። ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ፤ እዚያ በሌላ መሣሪያ ሲያዩኝ በሁለቱም እንቁልጢዎቼ ላይ እባጭ ተገኘ። የደም ውጤቴም ጥሩ አልነበረም። ካንሰር የሚለውን ቃል ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሐኪሟ "ሊሆን ይችላል" ነው ያለችኝ፤ እኔ ግን "ነው" ብዬ ነው የሰማሁት። ግርማም እንደዚያው። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ "የፀጉር ቤቱን ቁልፍ አምጥተሻል?" አለኝ። ሌላ የሚለው አጥቶ ነው። ገባኝ፤ ግን አናደደኝ።

ባስተኙኝ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተኛችው ዘሃራ ትባላለች። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የምትኖር፣ ቤቷም እህሏም እዚያ የቀረባት ሴት ናት። ማዮማ፣ ማለትም የማኅፀን እጢ ነው ያለባት። ሐኪሞቹ በጠዋት ሲዞሩ እሷ ጋ አንድ ቃል ተናግረው ያልፋሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ ተማሪ ይጠራል። ቤት የሌላት፣ አገር የሌላት ሴት ላይ ቀናሁ! በሽታዋ ስም አለው። ሲጠይቋት ትመልሳለች። ባሏ ደግሞ በትንሽ ፔርሙስ ሾርባ ይዞላት ይመጣና ሲያጠጣት ይስቃሉ።

"አብሽሪ" ትለኛለች እሷ፣ ፊቴን ግድግዳ ላይ ባዞርኩ ቁጥር። "አላህ ያውቃል። እናትሽስ አትመጣም?"

እናቴ አልመጣችም። የሙሉ ቀን ደርሷል። በስልክ "ዛሬ ነገ እያለች ነው፣ እንዴት ጥያት ልምጣ?" ትለኛለች። ኦፕራሲዮን የምገባበት ቀን ሲወሰን ሙሉ ወለደች። ወንድ። የሙሉ ባል ፎቶ ላከልን። እናቴ በዚያ ጋቢ የተጠቀለለውን ልጅ ታቅፋ ካሜራውን ሳይሆን እሱን ታያለች። ግርማ ፎቶውን አጉልቶ አየው፤ ፈገግ ሊል ሲል እኔን አስታውሶ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ደወልኩላት። "እማዬ፣ ሊከፍቱኝ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። እየጸለይኩ ነው። አራስ ጥዬ ግን እንዴት…"

"ተይው" ብዬ ዘጋሁት። ቅናት እንዲህ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ አይመስለኝም ነበር። ብሞት እንኳ መርዶዬ እናቴን ገንፎ ስታገነፋ ነው የሚያገኛት ብዬ አሰብኩ፤ አስቤም አለቀስኩ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ሁለቱንም እንቁልጢዎች እናውጣ የሚል ሐሳብ አለ" አለችኝ። "እኔ ግን የባሰውን አውጥቼ፣ ከሌላው ላይ እባጩን ብቻ ልፈልቅቅና ውጤት ልጠብቅ ብዬአለሁ። ካንሰር ከሆነ ተመልሼ እከፍትሻለሁ። ትስማሚያለሽ?"

"ሁለቱም ከወጡ አልወልድም አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው እንዳሉት ያድርጉ" አልኳት።

ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ሆዴ የእኔ አይመስልም። በማግስቱ መጥታ ያገኘችውን ነገረችኝ። እንዳስረዳችኝ፣ የሆድ ዕቃን ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ነገር አለ፤ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል የሳሳ። የእኔ ተቆጥቶ እንደ ቆዳ ወፍሯል፤ አንጀቴንም እርስ በርሱ ጨምድዶ ይዞታል። ውኃውም፣ ትውከቱም ከዚያ ነው። ቀናት ቆይቶ የናሙናው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ፊቷ በርቶ ገባች።

"ካንሰር አይደለም። እባጮቹ ክፉ ዓይነት አይደሉም" አለች። "ከእነሱ ጋር ተያይዞ ሽፋኑ እንዲህ የሚቆጣበት በሽታ አለ፤ እጅግ ብርቅ ነው። ለምን እንደሚመጣ በደንብ አይታወቅም። እኔም ተምሬው እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።"

ግርማ እጇን ይዞ ሳመው፤ እሷም ደንግጣ ሳቀች።

አለቀ ብለን ነበር። አላለቀም። እባጩ ወጣ እንጂ የተቆጣው ሽፋን እዚያው አለ። አንጀቴ አልንቀሳቀስ አለ። በአፍንጫዬ ቱቦ አስገቡልኝ፤ አረንጓዴ ፈሳሽ ቀንና ሌሊት ይወርዳል። ሐኪሞች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ "አየር ወጣ?" አየር ማለት ፈስ ነው። እሱ ከወጣ አንጀት ተከፍቷል ማለት ነው፤ መጠጣት ይፈቀድልሻል።

ከእኔ በኋላ ኦፕራሲዮን የገባችው ዘሃራ፣ ገና ሦስት ቀን ሳይሞላት ክፍሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ድምፁን አሰማች። "አልሃምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች፤ ክፍሉ ሁሉ "እልል!" አለላት። ነርሷ ወዲያው ሻይ አመጣችላት። እኔ ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ እያበስኩ ሻይ ስትጠጣ አየኋት። በሰው ፈስ ቀንቼ አለቀስኩ። ዛሬ ሳወራው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ያለቀስኩት እውነተኛ ዕንባ ነው።

ሐኪሟ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ተማክራ ሁለት መድኃኒት ጀመረችልኝ። አንደኛው ስቴሮይድ ነው፣ ቁጣውን የሚያበርድ። ሁለተኛው ለጡት ካንሰር ታካሚዎች የሚሰጥ ክኒን ነው፤ የሴት ሆርሞን ሥራን ስለሚገታ ሽፋኑ እንዳይወፍር ይረዳል ብላ አስረዳችኝ። "ቃል አልገባልሽም" አለችኝ። "ግን እንሞክር።"

በዚህ መሐል ነው እናቴ በሩ ላይ የቆመችው። ነጠላዋ ላይ የመንገድ አቧራ አለ። ቱቦውን ስታይ አፏን ያዘች።

"አራሷን ጥለሽ ለምን መጣሽ?" አልኳት። ደስታዬን እንኳ አላሳየኋትም።

"እሷ ናት ያስወጣችኝ" አለች። "'ካልሄድሽ አልበላም' ብላ ገንፎውን ገፋችብኝ። አሁን አማቷ ናት የምታርሳት።"

የሙሉን አማት አውቃታለሁ። ለራሷም ቢሆን እሳት አንድዳ የማትሞቅ ሴት ናት። ሙሉ በዚያ በአንኮበር ብርድ፣ በዚያች ሴት እጅ መቅረቷን ሳስብ የሆነ ነገር ጨመደደኝ፤ አንጀቴ ይሁን ልቤ አልለየሁትም። እናቴ ማበጠሪያ አወጣችና የተንጨባረረ ፀጉሬን ከጫፉ መፍታት ጀመረች። የሰውን ፀጉር ስሠራ የኖርኩ ሴት፣ የራሴን ከነካሁት ስንት ጊዜ ሆኖኛል።

መድኃኒቱ ከተጀመረ ከቀናት በኋላ ሆዴ ውስጥ ጉርምርምታ ሰማሁ። ከዚያ መጣ። ዘሃራ ታክማ ወጥታ ስለነበር እልል የሚልልኝ የለም ብዬ ሳስብ፣ እናቴ የቄስ ሚስት መሆኗን ረስታ ኮሪደሩ ድረስ የሚሰማ እልልታ አቀለጠችው።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነው። ከውኃ ወደ ሾርባ፣ ከሾርባ ወደ አጥሚት፣ ከአጥሚት ወደ ፍትፍት። ስቴሮይዱ ፊቴን አሳበጠው፤ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ነጭናጫ አደረገኝ። ግርማ ችሎኛል፤ አንድ ቀን ብቻ "እኔም እኮ ሰው ነኝ አስካል" ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ፤ ብርቱካን ይዞ ተመለሰ። መድኃኒቱን ሐኪም ሳያዝሽ በራስሽ እንዳታቆሚ። እኔ ሐኪሟ በነገረችኝ መሠረት ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ነው ያቆምኩት። ሆዴ ውስጥ የቀረውን ለማየት አሁንም በቀጠሮዬ እሄዳለሁ።

ሙሉ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ልጇን ይዛ ደብረ ብርሃን መጣች። ቤት ነበርኩ። ፊቴ ክብ ሆኖ ስታየኝ ደነገጠች፤ እኔም እሷን ሳይ ደነገጥኩ። ጉንጯ ገብቷል። ከአራስ ቤት የወጣች አትመስልም።

"አማትሽ አላበላችሽም?" አልኳት።

"ተይኝ እስቲ" አለች። ልጁን አልጋው ላይ አስተኝታ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝም?" አለች።

"ንገሪኝ።"

"እማዬን ያስወጣኋት አዝኜልሽ ብቻ አይደለም። እኔ ጋ ተቀምጣ እኔን አታየኝም ነበር። ገንፎውን ስታማስል ታለቅሳለች። ልጁን ስታጥብ 'አስካልዬ ምን በልታ ይሆን' ትላለች። ፎቶ ስንነሳ እንኳ አቅፋው ስላንቺ ነበር የምታወራው። የበኩር ልጄን ወልጄ፣ እናቴ አንድ ቀን በወጉ ሳትስቅልኝ… ቀናሁብሽ። ሆድሽ ተከፍቶ ተኝተሽ ቀናሁብሽ። 'ሂጂላት እንግዲያው፣ ጠቅልለሽ ሂጂላት' ነው ያልኳት።"

ያን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት፣ እናቴን እያየሁ ምን እንዳልኩ አልነገርኳትም። "በይ ነይ ቁጭ በይ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ" አልኳት። ወለሉ ላይ ጉልበቴ መሐል ተቀመጠች። ከወሊድ በኋላ ግንባሯ ላይ ሳስቷል፤ እንዳይጎትታት አላልቼ ሠራኋት።

አሁንም እቀናለሁ። ከቅናት ድኛለሁ ብዬ አልሸነግልሽም። ሐኪሟ "ትወልጃለሽ" አላለችኝም፤ "አትወልጂም"ም አላለችኝም። የወር አበባዬ ተመልሷል፤ እሱን ይዤ እጠብቃለሁ። አንቺ ግን መመርመሪያው አንድ መስመር እያሳየ ሆድሽ ካደገ፣ ትንሽ በልተሽ ከጠገብሽ፣ ክንድሽ ከመነመነ፣ የሰው እልልታ አይያዝሽ። አልትራሳውንድ እንዲያዝልሽ ጠይቂ። አንድ መድኃኒት አልሠራ ሲል "ሌላ ነገር ይሆን?" ብለሽ ለመጠየቅ አትፈሪ። ካንሰር የሚል ቃል ብትሰሚም ውጤቱ ሳይመጣ አልቅሰሽ አትጨርሺ።

ሙሉ ለክትባት በመጣች ቁጥር እኔ ጋ ታድራለች። ባለፈው ልጁን አስታቅፋኝ ሱቅ ሄደች። እጄ ላይ ተንፈራግጦ ተንፈራግጦ ደረቴ ላይ አልተኛም አለና፣ ወደ ታች ተንሸራቶ ልክ የተሰፋሁበት ላይ ተኝቶ እንቅልፍ ወሰደው። ተረከዙ ይጫነኛል፤ ይቆጠቁጠኛል። እህቴ ስትመለስ ፊቴን አይታ "አሳመመሽ፣ ላንሳው" አለችኝ።

"ተይው፣ ይተኛ" አልኳት።